የሶሲና እንቅልፍና የዳማ ጩኸት

ሶሲና የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋች። ክሩ ቀዳዳውን ስቶ በጎን አለፈ። ደገመች፤ አሁንም ሳተ። ሶሲና ልብስ ሰፊ ናት። ከሰፈሩ ተማሪ አብዛኛው የእሷን ስፌት ለብሶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ደህና ሰሞን ቢሆን ክር የምታስገባው ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ መርፌውን እንኳ ሳታይ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ አንዱን ክር ሁለት እያደረገ ያሳያታል። ጭኗ ላይ የእናቷ አሮጌ ነጠላ ለሽንት ጨርቅ ተቆራርጦ ተቆልሏል፤ ጠርዙ ካልተሰፋ ክሩ እየተመዘዘ የሕፃኑን ጣት ይጠመጥማል ብላ ትሰጋለች። ሆዷ ወደፊት ስለ ገፋ ጨርቁን የያዘችው እጇን ዘርግታ፣ ከሩቅ ነው።

“አምጪው፣ እኔ ላስገባልሽ” አሏት አማቷ ወለተሐና ከሶፋው ላይ። ምራታቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን ጅግጅጋ ድረስ የመጡ፣ ልበ ሩኅሩኅ ግን አንደበታቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

“እርስዎማ መነጽርዎንም አላገኙት፣ እማማ።”

“መነጽሬን ያጣሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው! ይህቺ የሰይጣን ፈረስ ሌሊቱን ሙሉ ስታላዝን ማን ዓይን ይኖረዋል?”

ሶሲና መርፌውን ነጠላው ላይ ሰክታ ተወችው። ማልቀስ አማራት፤ ግን ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

የሰይጣን ፈረስ የተባለችው ዳማ ናት። ድመት ናት፤ ስሟን ያገኘችው እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ካለው መልኳ ነው። ሶሲና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከአንድ እህል ነጋዴ ጆንያ ሥር፣ ዓይኗ ገና በቅጡ ሳይገለጥ ነበር በዩኒፎርሟ ኪስ ይዛት የመጣችው። አሁን ሶሲና ሠላሳ ልትደፍን ነው፤ ዳማም እንደ ድመት አቆጣጠር ቅድመ አያት ሆናለች። ጀርባዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል፤ የአፏ ጥርስ ግን አልቋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እርጅናዋን በክብር ነበር የያዘችው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን፣ ያውም የሶሲና ሆድ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ኮሪደሩ መሃል ቆማ እሪታዋን ትለቀዋለች። ሚያውታ ቢሆን ደግ ነበር። ሰው የሞተባት ሴት ከሆዷ አውጥታ የምትለቀው ዓይነት ረጅም፣ ጥያቄ የሚመስል፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ጩኸት ነው።

ያኔ ሰዉም ይጀምራል። ባሏ ወንደሰን ከአልጋ ሳይነሣ “ዝም በይ አንቺ!” ይላል። ወለተሐና ከሳሎን “በስመ አብ!” ይላሉ። ሶሲና “ዳማ! ዳማዬ! ውሮ ውሮ!” እያለች አንዴ ትለማመጣለች፣ አንዴ ትቆጣለች። ድመቷ ለአንዳቸውም ደንታ የላትም። የሰፈሩ ውሻ ይመልስላታል፣ ሆድ ውስጥ ያለውም ልጅ ነቅቶ ይራገጣል፣ የንጋት አዛን እስኪሰማ እንዲሁ ነው። ወንደሰን ቀን ቀን ሲሚንቶና ቆርቆሮ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ በቀደም ደረሰኝ እየጻፈ እንቅልፍ ጥሎት ደንበኛው ራሱ ነው የቀሰቀሰው።

ምክር ግን አልጎደለም። አንዷ ማታ ማታ ወተት አጠጪያት አለች፤ አጠጣቻት፤ ዳማ ወተቱን ጨርሳ በታደሰ ጉልበት ጮኸች። ሌላዋ ሆድ ቁርጠት ነው፣ ቅቤ አልሺያት አለች። ወለተሐና ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥተው ረጯት፤ ከሌሊቶቹ ሁሉ የባሰው ያ ሌሊት ነበር። አንድ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ የሰፈሩ ባለሱቅ ደግሞ “እርጉዝ ሴት ስላየች ቀንታ ነው፤ እነሱ ተንኮለኞች ናቸው” ብሎ ሳትጠይቀው ነገራት። ወንደሰን በመጨረሻ በሰው በሰው የእንስሳት ሐኪም ስልክ አገኘ። ሐኪሙ ከብት ገበያ አካባቢ ነበር፤ ከኋላው ግመል ሲያገሳ ይሰማል።

“ስንት ናቸው የታመሙት?” አለ ሐኪሙ።

“አንድ ናት። ድመት ናት።”

“ምን?”

“ድመት! ሌሊት ሌሊት ትጮሃለች!”

ሐኪሙ ሳቁ አመለጠው። “ወንድሜ፣ ግመል ብትሆን አሁኑኑ እመጣልህ ነበር። ድመት ግን ለማን ብዬ ነው የማክማት? አርጅታለች፣ ይበቃታል” ብሎ ዘጋው።

ሶሲናን “ይበቃታል” የምትለዋ ቃል አንገበገበቻት። ቃሏን ሁሉም ሰው በየራሱ መንገድ ይላታል፤ አውጥተሽ ጣያት ማለት ነው። መጣል ግን አልሆነላትም። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ከተማው በታወከ ጊዜ፣ ጎረቤታቸው ዐምራን ሶሲናንና እናቷን በጓሮ አጥር በኩል አሻግራ ጓዳዋ ውስጥ ደብቃቸው ነበር። ዳማ በማግሥቱ ራሷ አጥሩን ዘላ መጣች። ጓዳው ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት በዚያ ሰሞን ድመቷ የሶሲና እናት እግር ላይ ተጠቅልላ አንዲት ድምፅ ሳታሰማ ከረመች። እናቷ ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ “ሰው ናት፤ ታውቃለች” እያሉ ለሰው ያወሩላት ነበር። ሶሲናን ግራ የሚያጋባት ይኸው ነው። ከተማው ሲታወክ ዝም ማለትን ያወቀች ፍጥረት፣ አሁን አገር ሰላም ሲሆን ዝም ማለት ምን አቃታት?

ነገሩ ወደ መጨረሻ የተገፋው ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጇ ነርስ የሶሲናን የደም ግፊት ለክታ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

“ግፊትሽ ካለፈው ከፍ ብሏል። እንቅልፍ ትተኛለሽ?”

“ድመት አለችኝ” አለች ሶሲና።

“እሱን ጉዳይ ቤትሽ ጨርሺ። ደግሞ ከጨመረ ሆስፒታል ተኝተሽ ነው የምትጠብቂው። ለአንቺም ለልጁም ጥሩ አይደለም። ገባሽ?”

ገባት። ባጃጅ ውስጥ ሆና ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር። ምርጫው እንግዲህ ሁለት ነው፤ ወይ ይህቺ ድመት ትተኛ፣ ወይ ከዚህ ቤት ትውጣ።

ዐምራን የተናገረቻት ነገር የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። ዐምራን የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከሶሲና ጋር በአማርኛም በሶማልኛም እየቀላቀሉ ሲያወሩ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ጠዋት ሶሲና በስንት ልመና የመጣላትን እንቅልፍ ተኝታ ሳለ፣ ዐምራን የእህቷን ልጅ ሰርግ ልታደምቅ ወደ ቀብሪበያ ከተማ ለመሄድ ቸኩላ ስትወጣ ወለተሐናን በር ላይ አገኘቻቸው። ሁለት እጇ በሻንጣና በፌስታል ተይዟል፤ ሚኒባሱ ይጠብቃታል። ስለ ድመቷ አንድ ነገር እየጮኸች ነግራቸው ሄደች።

ሶሲና ስትነሣ ወለተሐና በደስታም በድንጋጤም ተሞልተው ጠበቋት።

“ተገኘ ልጄ! ጎረቤትሽ ነገረችኝ። ለካ ደቦል ኖሯት ነው!”

“ምን?”

“ደቦል! ድመትሽ! ‘ደቦል፣ ደቦል’ አለችኝ፣ ሁለቴ ሦስቴ። ወልዳ የሆነ ቦታ ደብቃቸዋለች። የሚያስጮኻት ልጆቿ ናቸው።”

“እማማ፣ ደቦል የአንበሳ ልጅ አይደል እንዴ?”

“ታዲያ ድመትስ የአንበሳ ዘመድ አይደለችም? ሴትዮዋ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ ግልገል ማለት ጠፍቷት ነው።”

“ዳማ በዚህ ዕድሜዋ?”

“ሣራስ?” አሉ ወለተሐና፤ በዚህ ጊዜ ክርክሩ አለቀ።

ቤቱ ተበረበረ። ከአልጋ ሥር፣ ከስፌት ማሽኑ ጀርባ፣ ከጨርቅ ጆንያ ውስጥ ተፈለገ። ለዐምራን ስልክ ቢደወልላት የሰርግ ከበሮና እልልታ ብቻ ነው የሚሰማው፤ “ሰማሁ፣ ሰማሁ” ትልና ይቋረጣል። ወንደሰን ከሥራ ሲመለስ ምሳውን ሳይበላ መሰላል ላይ ወጣ። የቤቱ ኮርኒስ የድሮ ነው፣ ማዳበሪያ ተሰፍቶ የተወጠረ። ወንደሰን አንድ እግሩን በወራጁ እንጨት ላይ አድርጎ ሌላውን ማዳበሪያው ላይ አሳረፈ።

“ምን አለ?” አሉ እናቱ ከታች።

“አቧራ ነው ያለው።”

“በደንብ እይ፣ ጥግ ጥጉን!”

በደንብ ለማየት ዞር ሲል ማዳበሪያው ተተርትሮ እግሩ እስከ ጭኑ ወደ ሳሎን ገባ። የስንት ዓመት አቧራ፣ የወፍ ጎጆና የደረቀ የአይጥ ኩስ ተንዶ ወረደ፤ የወረደውም ሶሲና አጥባና ተኩሳ ሶፋው ላይ በደረደረችው የሕፃን ልብስ ላይ ነው። ሶሲና ልብሱን አየች። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለውን ባለ ካልሲ እግር አየች። በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ በእርጋታ የምትመለከተውን ዳማን አየች።

“ውጡልኝ” አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። “ሁላችሁም ከዚህ ክፍል ውጡልኝ።”

“ሶሲ፣ እግሬ ተይዟል እኮ” አለ ወንደሰን ከላይ።

ግልገል አልተገኘም። ወለተሐና ግን አልተረቱም። “አለመገኘታቸው የለም ማለት አይደለም። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት አራስ አይቀመጥም፣ ልጄ። አንዷ ለአንዷ ትከብዳለች።” ወንደሰን ቀብሪበያ የእህል መጋዘን ያለው ወዳጅ ነበረው፤ ባሺር ይባላል። መጋዘኑን አይጥ ፈጅቶታልና ድመቷን ቢልኩለት ደስተኛ መሆኑን ነገረው። ወንደሰን ግን ጥርስ እንደሌላት አልነገረውም።

ሶሲና እሺ አለች። እሺ ያለችው አምናበት ሳይሆን ደክሟት ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በፊት የጫማ ካርቶን ሳይሆን ሰፋ ያለ የብስኩት ካርቶን አስመጥታ፣ በጨርቅ መቀሷ መተንፈሻ ቀዳዳ በሳችለት። መቀሱ በካርቶን እንደሚደንዝ ታውቃለች፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። ዳማን ራሷ አንሥታ አስገባቻት። ክብደቷ አንድ ኩታ አያህልም። ድመቷ አልታገለችም፤ እጇን አሽትታ ተጠቀለለች። ሶሲና ክዳኑን ስትገጥም ልቧ የራሷን ሥራ የሚያይ የሌላ ሰው ልብ ሆነባት።

ወንደሰን ካርቶኑን አቅፎ ከውጭ በር ሲወጣ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ዐምራን በእጇ ላይ ያለው ሂና ገና ሳይደበዝዝ፣ ከሰርግ የተረፈ ሐልዋ በፌስታል ይዛ ወረደች።

“አባዮ፣ እህቴ! እንዴት ነሽ? ገና አልወለድሽም?” ብላ ሶሲናን ሳመቻት፤ ከዚያ ካርቶኑን አየች። “ይሄ ምንድነው?”

“ዳማ ናት። ወደ ቀብሪበያ ልንልካት ነው።”

“ወላሂ? እኔ ከዚያ መጣሁ፣ ብሳዱ፣ ድመቱ፣ ወደዚያ ይሄዳል? ለምን?”

“አንቺው ነሽ እንጂ!” አሉ ወለተሐና። “ደቦል አላት ብለሽኝ! ቤቱን ሁሉ አፈረስን።”

“ደቦል? ደቦል ምንድነው?”

“ልጅ! ግልገል!”

ዐምራን መጀመሪያ ግራ ገብቷት ሶሲናን አየች። ከዚያ ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ፣ ባዶ በሆነው እጇ ጆሮዋን ያዘች።

“ደጎል! ደጎል ነው ያልኩት! ሶሲና፣ ደጎል አታውቂም እንዴ?”

ሶሲና ታውቃለች። ገበያ ውስጥ ሰው እየተጠራ ካልሰማ የሚባል ቃል ነው። ከዐምራን አፍ በቀጥታ ቢደርሳት ኖሮ ያኔውኑ ይገባት ነበር።

“ደንቆሮ” አለች ሶሲና። “ዳማ አትሰማም ማለቷ ነው።”

“አዎ! የእናቴም ብሳድ ሲያረጅ እንዲሁ ነው የሆነው። ራሱን አይሰማም፣ ለዚያ ይጮኻል። ሲጨልም ደግሞ አያይም፣ ሰዎቹ የት ሄዱ ብሎ ይጣራል።” ዐምራን ወደ ወለተሐና ዞር አለች፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ አለ። “አሁን ደጎል የሆነው ማን ነው? ብሳዱ ነው ወይስ እማማ?”

“አፈር ብዪ!” አሉ ወለተሐና፤ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሳቃቸውን ሁሉም አየ።

ወንደሰን አላመነም። ካርቶኑን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተ፤ ከጓዳ የብረት ትሪና ጭልፋ አምጥቶ ከድመቷ ጀርባ ቆመና በኃይል መታው። ወለተሐና ዘለሉ፤ የባጃጁ ሹፌር ዞሮ አየ። ዳማ ግን መዳፏን መላሷን አላቋረጠችም።

ሳቅ ያልመጣላት ሶሲና ብቻ ናት። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ሌሊት ነው ለማይሰማ ጆሮ የጮኸችው? ስንት ሌሊት ነው ሦስት ትልልቅ ሰዎች “ዝም በይ” እያሉ ለዳማ ያልደረሳትን፣ ለልጁ ግን የደረሰውን ጩኸት ያቀለጡት? ልጇን ያስደነገጠው የዳማ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የራሷም ነው። ወተት አጠጪ፣ ቅቤ አልሺ፣ ጸበል ርጪ፣ ጣያት ያላት ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላት። ከዚያ ሁሉ መካከል እጁን አንሥቶ ከድመቷ ጀርባ አንዴ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

“ከካርቶኑ አውጣት” አለችው ወንደሰንን።

“ባሺርን ምን ልበለው?”

“ጥርስ እንደሌላት ንገረው። በዚያው ያርፋል።”

ያን ማታ ወለተሐና ማንም ሳይጠይቃቸው የኮሪደሩን አምፖል ሳያጠፉ ተዉት። ሶሲና የዳማን ጆንያ ከወጥ ቤት አውጥታ ከአልጋው ግርጌ አነጠፈች፤ ድመቷ ስትነቃ የአልጋው እግር እንዲነካት፣ ሰው መኖሩን በጀርባዋ እንድታውቅ። ጩኸቱ ሲመጣም ማንም ከአልጋው ሆኖ አልተጣራም። ወንደሰን እጁን ወደ ታች ልኮ ንዝረቱ እንዲደርሳት ወለሉን በጣቶቹ ቆርቆር አደረገው፤ እጁንም አስሸተታት። ዳማ በጩኸቷ መሃል አቋረጠች።

ተአምር አልሆነም። አሁንም ትጮኻለች፤ ግን እንደ ሙሾ አይረዝምም፣ አንዴ ጠይቃ መልስ ካገኘች ትተዋለች። ችግሩ መልሱ በየጊዜው መነሣትን ይፈልጋል፤ ወንደሰን ደግሞ የወራት እንቅልፍ ተጠራቅሞበት አንዴ ከጣለው ቤት ቢቃጠልም አይነቃም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ አዋላጇ ለክታ “እንዳለ ነው፤ አልወረደም፣ አልጨመረምም። እስኪ ለሳምንቱ እንይ” አለቻት። ሶሲና ይህንኑ እንደ ደስታ ተቀብላ ወጣች። ሳምንቱ ግን ገና ነው፤ ሆስፒታሉም ከዚያ ሳምንት ማዶ ቆሞ ይጠብቃታል።

አሁን የያዘችው ጠብ ከቀኑ ጋር ነው። ዳማ ፀሐይ ሲወጣ ትተኛለች፣ ፀሐይ ሲጠልቅ ትነሣለች፤ እንቅልፏን ቀን ላይ ጨርሳ ሌሊቱን ትርፍ ታደርገዋለች። ቀን ብትነቃ ሌሊት እንደምትተኛ ዐምራንም ብላለች፣ ሶሲናም አንድ ሁለቴ ሞክራ አይታዋለች። ግን እግሯ አብጧል፤ ጎንበስ ካለች ቀና ለማለት የሰው እጅ ትፈልጋለች። ወለተሐና ደግሞ ድመቷን ቀስቅሱ ተብለው ሲሄዱ እዚያው አጠገቧ እንቅልፍ ወስዷቸው ይገኛሉ።

ስለዚህ ሶሲና ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። በሰፈሯ የምታልፉ ከሆነ፣ የስፌት ቤቱ በር ቀን ቀን ክፍት ነው፤ ዳማ ደፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተኝታ ታገኟታላችሁ። እባካችሁ ቀስቅሱላት። በስሟ አትጥሯት፣ አትሰማም። ከኋላዋ መጥታችሁም አትንኳት፣ ትደነግጣለች። ከፊት ለፊቷ ቁሙና መሬቱን በእግራችሁ ሁለቴ መታ መታ አድርጉላት፤ ቀና ስትል ትንሽ አጫውቷት። ምክር ያላችሁ ደግሞ ሲሚንቶ መሸጫው ሄዳችሁ ለወንደሰን ንገሩት። ለእሷ መሬቱን ብቻ ምቱላት።